መንታው ይርሳው ለምን እግር ይቀያይር ነበር

የልጅ ልጄ ዝናሽ ሰኞ ዕለት የቦክስ ጓንቷን ይዛልኝ መጣች። የአውራ ጣቱ ስፌት ተተርትሮ ኖሯል። «አያ፣ እሁድ ባሕር ዳር እጋጠማለሁ፤ እባክዎ ይድረሱልኝ» ብላ ከወስፌው አጠገብ አስቀመጠችልኝና እየሮጠች ወጣች። እኔ ኮርቻ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ጠፍርና ጅማት ነው። ጓንቱን ገልብጬ ከውስጥ ስከፍተው ሽታው ወጣ፤ ላብ፣ ቆዳና ቫዝሊን አብረው የከረሙበት ሽታ። እጄ ቆመ። ይህን ሽታ ከተለየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ያኔ እንጅባራን ኮሶበር እንላት ነበር። ጧት ጧት ጭጋጉ እስኪገፈፍ ድረስ በርኖሳችንን ተከናንበን ከሻይ ቤቱ በራፍ እንቆማለን፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፣ የተረፈው ሰው ዳቦ ይጨምርበታል። ወጣት የሆነ ሁሉ ከታች ሰፋ ያለ ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፤ ሱሪውን ከጭቃው ለማዳን በሁለት ጣቱ ከጉልበቱ ላይ ሰብስቦ ይዞ እየዘለለ ነው መንገድ የሚሻገረው። የሻይ ቤቱ ቴፕ አንዱን ዘፈን ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ድረስ የሚሰማው የካሴቱ እሽሽ የሚል ድምፅ እንኳ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዛሬ በዚያ በራፍ ባጃጅ ይሰለፋል፤ ዳገቱን ሁሉ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ ለብሶታል፤ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ የሚመጣው መኪና ሲያልፍ የድሮው ሻይ ቤት ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ እንዲህ እያልሁ በደስታ ወደ ኋላ ስሄድ መሸብኝ።

ማክሰኞ ጓንቱን ሰፍቼ ራሴ ይዤላት ሄድሁ። ልምምዳቸውን የሚሠሩት ከአንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ቢያድግልኝ ይባላል፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ወንበር አምጥቶ «አያ ታከለ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ዛሬ ጉድ ያያሉ» አለኝ። ዝናሽ ከአንዲት ጠንካራ ልጅ ጋር ገመዱ ውስጥ ገባች። ስትጀምር ግራ እግሯን አስቀድማ እንደ ማንኛውም ቀኝ እጅ ሰው ቆመች፤ ግራ እጇን ወደ ፊት እየሰደደች ርቀቷን ለካች። ትንሽ ቆይታ ቀኝ እጇን ስትሰነዝር ቀኝ እግሯ አብሮ ተከተለና እጇ ሳይመለስ ግራኝ ሆና አረፈች። ያቺ ልጅ ግራ ገባት። ከየት እንደሚመጣባት ሳታውቅ ሁለት ጊዜ ጎኗን ተመታች። ጥግ ላይ የቆሙት ወጣቶች አጨበጨቡ።

«ይህችማ ሁለት ሰው ናት!» አለ አንዱ።

«እንግዲያው ምሳም የሁለት ሰው ይታዘዝላታ!» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሁሉ የሚያየው እግሯን ነበር፤ እኔ የማየው አንገቷን ነው። ፊቷን ወደ ግራ መለስ ታደርጋለች፤ በጣም ጥቂት፣ የሚጠራት ሰው እንዳለ ያህል። ስትንቀሳቀስም ገመዱን በግራ ጎኗ ይዛ ነው የምትዞረው፤ ግራ ጎኗን ለባዶ ሜዳ አትሰጥም። «ጉድ አይደለችም?» አለኝ አሰልጣኙ። «ጉድ ናት» አልሁት፣ ዐይኔን ከአንገቷ ሳላነሣ። «ሁለት ሰው» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሲባል ሰምቼዋለሁ፤ ያን አንገትም ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ያ ሰው ይርሳው ነው። መንታው ይርሳው ነበር የምንለው፤ መንታ ወንድም ኖሮት ሳይሆን ገመዱ ውስጥ ሲገባ ሁለት ሰው ስለሚሆን። ሥራው ድንች በጭነት መኪና ላይ መጫን ነበር። ያን ጊዜ የኮሶበር ወጣቶች ከአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ቦክስ ይለማመዱ ነበርና የሚመታ ከረጢት ስፋልን ብለው አስጠሩኝ። ካረጀ ኮርቻ ቆዳ ሰፍቼ፣ ገለባና አሸዋ ሞልቼ ሰቀልሁላቸው። ከረጢቱ በሳምንቱ ተቀደደ። ልጠግን ስመለስ «ማነው የቀደደው?» ብል አንድ ቀጭን ልጅ፣ ከዱቄት ጆንያ የተሰፋ ቁምጣ ለብሶ፣ የጆንያው ጽሑፍ መቀመጫው ላይ እየተነበበ፣ «ስፌትህ ነው የላላ» አለኝ። እንዲህ ተዋወቅን። ከዚያ ወዲያ ከመጋዘኑ አልወጣሁም፤ ውሃ አቀባይም፣ ፊት ጠራጊም፣ ጓንት ሰፊም እኔው ሆንሁ።

ስለ ይርሳው የቡጢ አመታት ሲጠይቁኝ ብዙ አወራለሁ፤ የሰው ልጅ በእጁና በእግሩ እንደዚያ ሲያስብ አላየሁምና። ግራ እጁን ሲሰድ ለማሳመም አልነበረም። እኔ ኮርቻ ከመቁረጤ በፊት የፈረሱን ጀርባ በስንዝር እንደምለካው፣ እሱም በግራ እጁ ሰውየውን ይለካዋል፤ ክንዱ የት እንደሚደርስ፣ ሲነካ ወደ ኋላ ይሸሻል ወይስ ይናደዳል። የሚሸሸውን ወደ ጥግ ይነዳዋል፤ የሚናደደውን ራሱን አድክሞ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ረጅም ሰው ሲገጥመው ጎንበስ ብሎ ሆዱ ሥር ይገባና ጎኑን ይደበድበዋል፤ ረጅም ሰው ጎኑ ሲያመው ክርኑን ያወርዳል፣ ክርኑ ሲወርድ አገጩ ይገለጣል። አጭር ሰው ሲገጥመው ደግሞ ወደ ፊት አይሄድም፤ ያ አጭሩ ይምጣ ብሎ በሩቁ ይቀበለዋል። እግር መቀየሩ ግን የብቻው ነበር። ሌላው ሰው እግር ልቀይር ሲል መጀመሪያ ይቆማል፤ እግሮቹ አንድ መስመር ላይ በሚሆኑባት ቅጽበት ሕፃን ልጅ ቢገፋው ይወድቃል። ይርሳው የሚቀይረው እየመታ ነው። ቀኙን ይሰነዝራል፣ ቢስተው ግድ የለውም፣ እግሩ እጁን ተከትሎ ያልፍና ግራኝ ሆኖ ይገኛል። ተጋጣሚው «ሳተኝ» ብሎ ሲገባ ግራ እጁ ከታች ይጠብቀዋል። ቀኝ እጁ ከባድ የሆነ ሰው ሲመጣበት ግራኝነቱን ያበዛዋል፤ ገመዱንም በግራ ጎኑ ይዞ ይዞራል። ሕዝቡ ወጥመድ ነው ይለው ነበር፤ አሰልጣኛቸውም እንደ ጥበብ ቆጥሮ ለሌሎቹ ያስተምረው ነበር። እኔም አደንቅ ነበር።

አንድ ቀን ግን ውሃ ይዤ በግራ በኩል ስቀርበው ክንዱን ነካሁት፤ ብንን ብሎ ጓንቱን አነሣብኝ። ከቆመበት ቦታ ሆኖ ስመጣ ሊያየኝ ይገባ ነበር። አባቴ የፈረስ ሰው ነበር፤ ገበያ ላይ ፈረስ ስንገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የሣር ዘለላ ይዞ፣ ነፋስ ሳያስነሣ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዐይኑ ያስጠጋል። የሚያይ ፈረስ ሣሩ ሳይደርስበት ያርገበግባል። አንድ ዐይና የሆነው አንገቱን ወደ ታወረው ጎኑ መለስ ያደርጋል፣ ሲሄድም ያንን ጎኑን ወደ አጥር አስጠግቶ ነው። በፈረስ አንድም ቀን ተታልዬ አላውቅም። ይርሳው ላይ ግን ይህ ሁሉ ምልክት ስንት ወር ሙሉ ፊቴ ላይ ነበር፤ እኔ ጥበብ እያልሁ አጨበጨብሁለት። በዚያው ቀን አረፍ ብሎ ሲቀመጥ ከከረጢቱ የወጣች አንዲት ገለባ አንሥቼ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ዐይኑ አስጠጋሁ። ቅንድቡን እስክትነካው አላርገበገበም።

«ማን ነገረህ?» አለኝ።

«ፈረስ።»

ሳቀ፤ ቶሎ ግን ተወው። ልጅ ሳለ እንጨት ሲፈልጥ ስንጣሪ ገብቶበት ነው። «ታከለ፣ ለማንም ትተነፍስና ከዛሬ ወዲያ አላውቅህም። ድንች እየተሸከምሁ እንድኖር ትፈልጋለህ?» አለኝ። ማልሁለት። አንድ ዐይና ፈረስ የሚሸጥ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ልጓሙን ይዞ የሚቆመው ሁልጊዜ በታወረው ዐይን በኩል ነው፣ ገዢ በዚያ በኩል እንዳይመጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እንደዚያ ነጋዴ ሆንሁ። በሚዛን ጊዜ፣ በሰላምታ ጊዜ፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ እንኳ በግራው ቆምሁለት። ይህም አልበቃኝ። አባቴ አንድ ዐይና ፈረስ ሲያስተምር በፉጨት ነበር፤ በታወረው ጎን የሚመጣ ነገር ሲኖር አጠር አድርጎ ያፏጭለታል፣ ፈረሱም ይሸሻል። ይህን ለይርሳው አስተማርሁት። የሰውየው ቀኝ እጅ ከግራ በኩል ሲነሣ ከጥጉ አንድ ጊዜ ፉጨት፣ ይርሳው ዝቅ። እንዲህ እያደረግን አምስት ሰው አሸነፍን። «አሸነፍን» ነበር የምለው።

ከዚያ ዳንግላ መጣች። ዳንግላ ያኔ ለእኛ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ መብራቷ፣ የልብስ ሰፊዎቿ ረድፍ፣ መስታወት ያለው ፀጉር ቤቷ። እኛ በአንድ የጭነት መኪና ታጭቀን እየዘፈንን ገባን። ከገበያው ጥግ ላይ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ይርሳውን ጠርተው አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ ለወገቡ ሰጡት። «ለእንግዳነትህ ነው፤ ድሉ የእኛ ነው» አሉት። ሳቅን። ግጥሚያው ከአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የገመዱ ምሰሶ ባሕር ዛፍ ሆኖ በጆንያ ተጠቅልሏል። የዳንግላው ልጅ ካሳ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀኝ እጁ እንደ በር መወርወሪያ የከበደ። በመጀመሪያው ዙር ይርሳው ግራ እግሩን አስቀድሞ ለካው፤ ያ ከባድ ቀኝ ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜ አፏጨሁ፣ ሦስት ጊዜም በራሱ ላይ አለፈ። በሁለተኛው እግሩን ቀየረና ጎኑን ይደበድበው ጀመር፤ የካሳ ክርን ወረደ፣ አገጩ ተገለጠ፣ የኮሶበር ሰው ዐበደ። ይህን ጊዜ ከኋላዬ አንዱ «አያችሁ? ታከለ ባፏጨ ቁጥር ነው እኮ የሚያመልጠው! ፉጨቱ ገድ አለው!» ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ «ተው!» አልሁ፤ ማን ይስማኝ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር የኮሶበር ሰው በሙሉ ያፏጭ ነበር። በፍቅር ነው፤ ሊያግዙት ነው። አዳራሹ በፉጨት ተሞላ። ይርሳው ምንም ሳይመጣበት ዝቅ አለ፤ ቀና ሲል ሌላ ፉጨት፣ እንደገና ዝቅ። አንዴ ባዶ አየር ከለከለ። ሰዎቹ ካሳን መጫወቻ ያደረገው መስሏቸው ሳቁ፣ ባሰባቸው። እኔ «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» እያልሁ እጮኻለሁ፤ ጩኸቴም ከፉጨቱ ተቀላቀለ። ያኔ ይርሳው ያደረገውን ቦክሰኛ የሆነ ሰው አያደርገውም፤ ፊቱን ከካሳ አንሥቶ ወደ ጥጉ አዞረ፤ እኔን ፈለገ። በደኅናው ዐይኑ ሲያየኝ አየሁት። የካሳ ቀኝ እጅ ያረፈው እዚያው ዐይን ላይ ነው። ተሸክመን ካስቀመጥነው በኋላ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ «ታከለ፣ የትኛው ነበር ያንተ?» ብሎ ነው። ያ ዐይን ደም ሞላ፤ ጠበል ሄደ፣ ሐኪም ቤትም ዘግይቶ ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላ ጨለመ። እህቱ ዳንግላ አግብታ ስለነበር ወደዚያ ወሰደችው። መጀመሪያ በየወሩ እጠይቀው ነበር፤ ከዚያ በየበዓሉ ሆነ፤ ከዚያ ተውሁት። እሱ እኔን ሳያየኝ ፊቱን ትኩር ብዬ ማየት ሌብነት መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ያስታወስሁት ማክሰኞ በዚያ የአዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ረቡዕ ዝናሽ ለምሳ መጣች። ከደጃፉ ተቀምጣ የእጇን ጨርቅ ስትጠቀልል ቀጭን ጠፍር አንሥቼ በግራዋ በኩል ቀስ ብዬ ወደ ዐይኗ ሰደድሁ። ከአባቴ የወረስሁት ልማድ ስለሆነ እጄ ራሱ ነው የሄደው። ጉንጯን እስኪነካት አላየችውም። ዘልላ ተነሣች።

«ምነው አያ! አስደነገጡኝ እኮ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዝናሽ፣ እኔ ፈረስ ስገዛ ነው ያረጀሁት።»

ቁጭ አለች። ከአንድ ወር በፊት በልምምድ ላይ ተመትታ ነው፤ መጀመሪያ ብልጭታ ነበር አለችኝ፣ ኋላ በግራ ዐይኗ ዳር እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ወረደ፤ አሁን ወደ መሐል እየመጣ ነው። ሐኪም አላየሽም ወይ ብላት ሳቀች። «አየን እንጂ። ሰሌዳ ላይ ያለውን ምልክት እግሩ ወዴት ነው ይሉናል። ከእኔ በፊት የተሰለፉት ሲመልሱ ሰምቼ በቃሌ ያዝሁት።» ቀጥላም፣ «ይለቃል አያ። እሁድ ካሸነፍሁ አንድ ክለብ ሊወስደኝ ነው። ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ አለው። እናቴ ጉሊት ላይ ስንት ዓመት ትቀመጥ?» አለችኝ።

«ዐይንሽስ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩኝ? መንታው ይርሳው በአንድ ዐይኑ ያን ሁሉ ሰው አላሸነፈም? እግር መቀየሩን ከማን ተማርሁት?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያወራሁላት እኔ ነኝ። ዐይኑን ነግሬአታለሁ፣ ፉጨቱን ነግሬአታለሁ፣ አምስቱን ድል እያስመሰልሁ አሳይቻታለሁ። ወሬዬ ግን ሁልጊዜ የሚያልቀው ከዳንግላ በፊት ነበር። እጄን ያዘችኝና «ለእሱ እንደማሉለት ለእኔም ይማሉልኝ» አለችኝ። አልማልሁም፤ እምቢም አላልሁ። «ብይ እስቲ፣ ምሳው ቀዘቀዘ» አልኋት። ዝም ማለቴን መሐላ አድርጋ ወሰደችው መሰለኝ፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ያን ቀን ምንም አልሠራሁም። ጠፍር ቆርጬ አበላሸሁ። ብናገር የልጅ ልጄን እንጀራ ከአፏ ነጠቅሁ፤ ዝም ብል ደግሞ እንደዚያ ነጋዴ በታወረው ጎን ልቆም ነው። እሁድ አራት ቀን ቀርቶታል። ሐሙስ ጧት ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ይህን የሚፈርድ ሌላ ሰው ምድር ላይ አጣሁ። ይርሳው ከገበያው ጀርባ፣ ከእህቱ ልጅ ቤት ነው የሚኖረው። በራፉ ላይ ተቀምጦ፣ የቃጫውን ጫፍ በእግሩ ጣት ይዞ ገመድ ይገምዳል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። ከፊቱ ቆምሁ።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው ብዙ ነው።»

«ታከለ ነኝ።»

እጁ ቆመ። «የኮሶበሩ ጠፍር! አልሞተም ብለውኝ ነበር፤ አላመንኋቸውም» አለ። አጠገቡ ያለውን የመቀመጫ ዱካ በእጁ ዳበሰና ገፋ አደረገልኝ። ሁለታችንም ስንጨነቅ አገውኛ ነው የሚቀናንና በአገውኛ አወራን። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ለይቅርታ ከሆነ የመጣኸው ሚኒባሱ አላለፈህም፤ ሌላ ጉዳይ ካለህ ተናገር» አለኝ። የዝናሽን ነገርሁት። ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ እንደዚያ ዘመን ግጥሚያ ሊገባ ሲል የሚሆነውን ሆነ።

«ስትቀይር ቆማ ነው ወይስ እየመታች?»

«እየመታች።»

«ጎበዝ! ገመዱንስ?»

«በግራ ጎኗ።»

«ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች?»

«ብዙም።»

«ግራ እጇን ስትሰድ አገጯ ይሸሸጋል?»

«አይሸሸግም። ትንሽ ቀና ትላለች።»

ቃጫውን በጣቱ አሸ። «እንዲያ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ያገኟታል» አለ። «አንዲት ብልህ ልጅ አንገቷን አይታ በግራዋ ትዞርባታለች። ገመዱ መሐል ላይ አይደርስላትም።» እንደ ዳኛ ነው የተናገረው።

«ይርሳው፣ ያኔ ለአሰልጣኙ ተናግሬብህ ቢሆን ምን ታደርገኝ ነበር?»

«እጠላህ ነበራ!» አለ ወዲያው። «ምን ጥያቄ አለው? በመንገድ ባገኝህ እተፋብህ ነበር። ሠርግህ ላይ አልመጣም፣ ለቅሶህ ላይ አልቆምም።» ገመዱን ሁለት ዙር ገመደና ሳብ አድርጎ ፈተነው። «ግን እያየሁህ ነበር የምጠላህ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ዝናሽ አላወራንም። የእህቱ ልጅ ቆሎ አቀረበችልን፤ ስለ ሐጂ ሰይድ ሞት ነገረኝ። ስነሣ «መጥተህ ንገረኝ፣ ምን እንደሆነች» አለኝ። እመጣለሁ አልሁት።

ዓርብ በጧት አሰልጣኙን ከአዳራሹ በር አገኘሁት። ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲጨርስ «አያ ታከለ፣ ስሟን ልከናል እኮ! ምናልባት ተሳስተው ይሆናል፤ ሐኪም ደኅና ናት ብሏል» አለኝ። «አንተው ሞክራት» አልሁት። ጠራት። ቀኝ ዐይኗን በመዳፉ ሸፈነና ሁለት ጣት በግራዋ ዳር አነሣ። «ስንት ነው?» አላት። አንገቷን ወደ ግራ መለስ አደረገች። «ስንት ነው ዝናሽ?» «ሦስት» አለች፤ ገምታ ነው። አሰልጣኙ ራሱን ይዞ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኋላ ስልክ አወጣና ኔትወርኩ እየተቆረጠበት ባሕር ዳር ደወለ፤ ስሟ ከዝርዝሩ እንዲወጣ፣ የዐይን ሐኪም እንዲፈለግላት። ነገ ከቡድኑ ጋር በዚያው መኪና ትሄዳለች፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሰኞ ትታያለች። መጋረጃው ይነሣል ወይስ አይነሣም የሚያውቅ ሰው የለም። ዘግይቼ ይሆናል፤ ማክሰኞ ያየሁትን ዓርብ ነው የተናገርሁት። ሦስት ቀን ለዐይን ስንት እንደሆነ ማንን ልጠይቅ?

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ከኋላዋ «ዝናሽ፣ ተይ፣ ሽማግሌ ናቸው» ትላታለች። አልሰማቻትም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«እኔ ምን አደረግሁዎት?» አለችኝ።

«ምንም፣ ልጄ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል። እርስዎ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኋት። «ሌላ ማንም አይደለም። እኔ ነኝ የተናገርሁት።»

አንዲት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ፤ ዐይኖቿ ትልልቅ ናቸው፣ በጥላቻ ሲሞሉ ደግሞ የባሰውን ይተልቃሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ነጠላዬን፣ ሽበቴን፣ ወስፌ የያዘውን እጄን፣ ሁሉንም። ዐይኔን ልሰብር ፈልጌ ነበር፤ ግን አልሰበርሁም። በልቤ፣ እይኝ ልጄ አልሁ፤ ደኅና አድርገሽ እይኝ፣ ነገም እይኝ፣ ስታረጂም እንዲህ አድርገሽ እይኝ። ከበሩ አልተነሣችም። እኔም ከብርሃኑ አልተነሣሁም።